የመጻሕፍት ሱቁ ለቅሶ

ማለዳ ላይ ነገሩ ሁሉ እንዲህ ነበር። የሌሊቱ ዝናብ በሱቁ ጣሪያ ገብቶ የአማርኛ መጻሕፍቱን አርጥቧል፤ የብረቱ መዝጊያ ግማሽ ድረስ ወርዶ ተቀርቅሯል፤ ከምኩራብ የተዋሰቻቸው የላስቲክ ወንበሮች መጻሕፍት ሊሰጣባቸው ፀሐይ ላይ ተደርድረዋል። ባለሱቋ ዘርፈሽ ፀጉሯን አቧራ እንዳይነካው በጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ዓይኗን የምታጸዳበት በረኪና አቅልቶታል። ቀትር ላይ የቤቱ ባለቤት ናዳቭ ቁልፉን ሊረከብ ይመጣል። ከጦርነቱ ወዲህ ሃሊሳ ሰፈር ውስጥ መጽሐፍ የሚገዛ ጠፍቶ፣ ሱቋን ዛሬ ልትዘጋ ነው።

የመጀመሪያውን የመጻሕፍት ሸክም ታቅፋ ብቅ ስትል ወንበሮቹ ላይ ሰው ተቀምጧል። የሰፈሩ ሽማግሌ አባ ያረጋል ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል ተክለዋል፤ ጎረቤቶቻቸው ግራና ቀኝ አንገታቸውን ደፍተዋል። ከኔቬ ዮሴፍ ሰፈር በኩልም ሰው እየወረደ ነው። 

ዘርፈሽ መጻሕፍቱን እንደታቀፈች ወደ ሽማግሌው ቀረበች። ሰው ማልዶ ደጅ ላይ ዝም ብሎ ከተደረደረ መርዶ ነው። ቲራት ካርሜል ከተማ ያለችውን እህቷን ሰሞኑን አሟት ነበር።

«አባ ያረጋል፣ ማን ነው? አትደብቁኝ!»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «እሱንማ አንቺ ንገሪን እንጂ፣ ልጄ! እኛ ወንበሩንና ጥቁር ሻሽሽን አይተን ነው የተቀመጥን።»

«ወንበሩ የመጽሐፍ ማስጫ ነው!»

ሁሉም እርስ በርስ ተያየ። ለቅሶ ላይ «ማን ሞተ?» ማለት ነውር ነውና፣ እያንዳንዱ አጠገቤ ያለው ያውቃል ብሎ ነበር የተቀመጠው። ይሄኔ ጎረቤቷ ማንአለብሽ የንፍሮ ድስቷን ታቅፋ «ወየው! ወየው!» እያለች ከጥጉ ብቅ አለች።

«ኧረ ዝም በይ፣ የሞተ የለም!» አሏት አባ ያረጋል።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ንፍሮ ማን ሊበላው ነው?»

ሳቁ መንገዱን ሞላው። ዘርፈሽም እየሳቀች እንባዋ ወረደ። «የሚሞትስ አለ» አለች። «ሱቄ ነው። ዛሬ እዘጋዋለሁ። ከእናንተ አንድ ሰው እንኳ ገብቶ አያውቅም።»

«እኛ መች ፊደል ቆጠርንና!» አለች ማንአለብሽ። «ገብቼ ምን ልበል? ዓይኔ እያየ ነው የማልፈው።»

ዘርፈሽ ይህን አስባው አታውቅም። ከታቀፈችው ላይ አንዱን ገለጠችና፣ አንድን በቅሎ ለገዛ አማቱ ሁለት ጊዜ የሸጠ ነጋዴ ታሪክ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማንበብ ጀመረች። ገና ከመጀመሪያው ገጽ ሳይወጡ አባ ያረጋል ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ። «ይህን ሰው አውቀዋለሁ! የሚስቴ ወንድም ነው!»

ቀትር ላይ ናዳቭ ሲደርስ የወረደውን መዝጊያ፣ የተሰበሰበውን ሰው፣ ጥቁሩን ሻሽ አየ። የፀሐይ መነጽሩን አውልቆ ከኋላ በቀስታ ተቀመጠ። ማንአለብሽ ንፍሮ ዘገነችለት።

«ማን ነው የሞተው?» ሲል በዕብራይስጥ አንሾካሾከ።

«ሱቁ» አለችው ማንአለብሽ።

አባ ያረጋል ዞሩበት። «ለቅሶ ነው፣ ሺቫ ተቀምጠናል። ሺቫ ደግሞ ሰባት ቀን ነው። ከለቅሶ ቤት ቁልፍ የሚረከብ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

ናዳቭ ንፍሮውን እያኘከ ዘርፈሽን አየ፤ የሚስቁትንም አየ፤ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው የታሪኩን መጀመሪያ በዕብራይስጥ ሹክ አለው። «ቤሰደር፣ እሺ፣ ሰባት ቀን» አለ። «ግን ማንበቧን ትቀጥል። አማትየው በቅሎውን ምን አደረገው? ቀሪውንም አንድ ሰው ይተርጉምልኝ።»

ንባቡ ሲያበቃ ማንአለብሽ መጽሐፉን ከዘርፈሽ እጅ ወሰደችው። «ይኸ የኔ ነው። ልጄ ጎንደር ተምራለች፤ ማታ ማታ ታንብብልኝ።»

«እርጥብ ነው እኮ!»

«ምን አለበት፣ እኔ ቤት ይደርቃል።»

ሰባቱን ቀን ደጁ ላይ ስታነብ ሰንብታ፣ በስምንተኛው ቀን ዘርፈሽ ሱቋን ልትከፍት ስትደርስ፣ መጽሐፍ ሊገዛ የቆመው ሰው ሰልፍ ጎረቤት ካለው ፀጉር ቤት ደጅ አልፎ ነበር።