የማንጎው ቁልፍ

ሰገን ወልድያ ባለው ቤቷ ተቀምጣ፣ መርሳ ላሉት የፍራፍሬ ነጋዴ ለአቶ አበባው የኮምፒውተር ፕሮግራም ትሠራ ነበር። «ሽያጭ» ለሚለው ቁልፍ የበሰለ ማንጎ ሣለችለት። በማግስቱ ማንጎው ላይ ያልሣለችው ጥቁር ነጥብ አየች፤ አጥፍታ ላከችላቸው።

ከሰዓት አቶ አበባው ደወሉ። «ልጄ፣ ምነው የበሰበሰ ማንጎ ላክሽልኝ? እንዲህ ያለ ሥራ አልቀበልም!»

ሰገን ሥዕሉን አጉልታ አየችው። ነጥቡ ቀዳዳ ሆኗል፤ ውስጡ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። 

«ጋሼ፣ እኔ እንዲህ አልሣልኩም።»

«ምናልባት ስክሪኔ ቆሽሾ ይሆናል፤ ቆይ ልጥረገው» አሉ።

መሀረባቸው መስታወቱን ሲፈትግ በስልኩ ተሰማት። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

«ጋሼ?»

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ጣቴ ገባ እኮ። ውስጡ ይሞቃል።»