ጣና የጎደለበት ካርታ

መምህርት ያስሚን ካርታውን ጠረጴዛው ላይ ስትዘረጋው ከመስኮቱ ውጭ ሆኜ አያለሁ። ጣና የለም።

ትናንት ከሰዓት እጄ እስኪደነዝዝ በጣና ቦታ የለጠፍኩት ሩዝ አንድ ፍሬ ሳይቀር ተለቅሟል። ነገሩ ወዲያው ይገባኛል። ጠዋት ኮላው ይድረቅ ብዬ ካርታውን ደጅ ፀሐይ ላይ አውጥቼው ነበር፤ በሬዎቹን ፈትቼ እስክመለስ ዶሮዎቹ ደርሰውበታል። እኔም ችኩሉ ልብ ብዬ እንኳን ሳላየው በነጠላ ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ። የፎገራ ገበሬ ሆኖ ሩዝ ዶሮ ፊት የሚያሰጣ ሰው ከኔ በቀር የት ይገኛል?

ቀልድ አይደለም። ከወረዳ የመጡት ሱፐርቫይዘር አቶ እንዳልካቸው ዛሬ የልጄን የእየሩስን ቁርጥ ሊያሳውቁን ነው። እየሩስ ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ከተወለደች ጀምሮ አታይም። ከዓይናሞቹ ጋር አራተኛ ክፍል ትማራለች። ትምህርቱን መከታተል ከቻለች እዚሁ ትቀጥላለች፤ ካልቻለች ሩቅ አገር ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ትላካለች። ደብዳቤው ተጽፎ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው። እናቷ ይህን ከሰማች ወዲህ እህል ባፏ አልዞረም።

የካርታው ሐሳብ የያስሚን ነው። ያስሚን የነጋዴው የሙህዲን ልጅ ናት፤ ወረታ ሱቅ ውስጥ ያደገች የከተማ ልጅ። የዛሬ ሦስት ዓመት በነሐሴ፣ ሜዳው ላይ ውሃ ተኝቶበት ሳለ፣ ቀሚሷን ሰብስባ እስከ ጉልበቷ ጭቃ እየረገጠች ቤታችን ድረስ መጥታ ነበር። ልጅቷን ሳልመዘግብ አልሄድም ብላ ደጄ ላይ ተቀመጠች። ዘንድሮ ደግሞ ካርቶን ከአባቷ ሱቅ አመጣች፤ ከጀርባው አሁንም የሳሙና ስም አለበት። በእርሳስ አሰመረችልኝና «አባት፣ ድንበሩንና ወንዙን ሲባጎ፣ ሐይቁን ሩዝ ይለጥፉበት። በጣቷ ታነበዋለች» አለችኝ። እኔ አንለይ፣ ፊደል ያልቆጠርኩት ሰውዬ፣ ኢትዮጵያን ከዳር እስከ ዳር ሠራኋት።

«እየሩስ፣» ይላሉ አቶ እንዳልካቸው፣ «ጣና ሐይቅ የት ነው?»

ከሐይቅ ሁሉ ጣና! ዶሮ ያልነካው ስንት ሐይቅ እያለ!

የልጄ ጣቶች ካርቶኑ ላይ ይሄዳሉ፣ ይመለሳሉ፣ ደግመው ይሄዳሉ። ሰውዬው ሰዓታቸውን ያያሉ፤ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው ያወጣሉ። ገብቼ ጥፋቱ የኔ ነው ልል እግሬን ሳነሳ ያስሚን በመስኮቱ ታየኝና ራሷን ትነቀንቃለች። እዚያው ቁም ማለቷ ነው።

«የለም፣» ትላለች እየሩስ።

«ምኑ ነው የሌለው?»

«ጣና። እዚህ ላይ መሆን ነበረበት።» ጣቷን አንድ ቦታ ላይ ተክላ አታነሳውም። «ይኸው ኮላው ይሻክራል። ደግሞ የአባይ ክር የሚነሳው ከዚህ ነው። አባይ ከጣና ይወጣል እንጂ ከደረቅ ሜዳ አይነሳም። ሩዙን ዶሮ ለቅሞት ይሆናል።»

ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። አቶ እንዳልካቸው አይስቁም። ጎንበስ ብለው፣ ጣቷ ያረፈበትን ቦታ በራሳቸው ጣት ይዳስሳሉ።

«ማን ነው ይህን የሠራልሽ?»

«አባቴ። መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ ሲያቃስት እየሰማሁት ነው።»

አርባ ሁለት ራስ ወደኔ ይዞራል። ምን ላድርግ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ እጅ እነሳለሁ። አልዋሽም፣ እንዲያ ኮርቼ አላውቅም፤ በሠርጌም ቀን ቢሆን።

አቶ እንዳልካቸው እስክሪብቶውን ኪሳቸው ይመልሱታል። ከዚያ እኔም ያስሚንም ያልጠበቅነውን ያደርጋሉ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጣታቸውን ለልጄ ይዘረጉላታል።

«እስቲ ከአዲስ አበባ አንስተሽ ወረታ አድርሺኝ።»

እየሩስ ወፍራሙን ጣት በሁለት ጣቷ ይዛ ትነሳለች። ሲባጎው ጋ ስትደርስ «አባይ በረሃ ነው፣ ቀስ ይበሉ» ትላቸዋለች። ተሻግራ ወደ ላይ ትቀጥላለች። «ባሕር ዳር ገባን። አሁን ጣናን በግራችን ይዘን እንሄዳለን።» ኮላው በደረቀበት ዳር ዳሩን ወስዳቸው ምንም ያልተለጠፈበት ቦታ ላይ ትቆማለች። «ወረታ ካርታው ላይ የለችም፤ ግን እዚህ ናት። ደርሰናል፣ ይውረዱ።»

ሰውዬው ወዲያው ዓይናቸውን አይገልጡም።

«በዚህ መንገድ ሃያ ዓመት ተመላልሻለሁ፣» ይላሉ። ድምፃቸው ወረድ ብሏል። «መምህርት ያስሚን፣ ደብዳቤው ይቅር። ልጅቷ የትም አትሄድም። በሌሎቹ ትምህርት ቤቶቻችን አካባቢ እንደሷ የማያዩ ሦስት ልጆች ቤት ተቀምጠዋል። እነሱንም እናስገባለን፤ ካርታውን እናንተ ትሠሩልኛላችሁ።»

ያስሚን የሻሿን ጫፍ ይዛ ፊቷን ትሸፍናለች። እኔም የመስኮቱን ደፍ ጥብቅ አድርጌ እይዛለሁ።

እየሩስ ገና ካርታው ላይ እንዳለች ሙጃሂድ የሚባለው የወንበር ጓደኛዋ ይነሳል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ይቀስርና «እኔንም ውሰጂኝ» ይላታል። ከኋላው ይታይሽ ትነሳለች፣ ባየህም ይነሳል፣ ከዚያ ሁሉም። አንዱ የሌላውን ትከሻ ይዞ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እየተጋጩና እየሳቁ እስከ በሩ ይሰለፋሉ።

«አትቸኩል፣» ትለዋለች ልጄ የሙጃሂድን ጣት እየያዘች፣ «መንገዱን እኔ አውቀዋለሁ።»