የሳሊሃ ቤት አራተኛ ሠርግ

መሐንዲሱ ግድግዳውን አንኳኳ፤ በስንጥቁ እጁን እስከ አንጓው ሰደደ። «የወንዶቹ ክንፍ ቅዳሜ ይፈርሳል» ብሎ ፈረመና ሄደ።

የቤቱ ኃላፊ ፋኢዛ መጻፍ የጀመረችውን የቤቱን ታሪክ አስቀመጠች።

ቤቱ ከሰኞ ገበያ በላይ ነው። ሀጂት ሳሊሃ የተባሉ የደሴ ነጋዴ ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት ጧሪ ለሌላቸው አረጋውያን አሠሩት። ትዳር ወይም ልጅ ያለው አይገባም። ሴቶች በላይኛው ክንፍ፣ ወንዶች በታችኛው።

በታችኛው የቀሩት ጋሽ ሀፊዝ ብቻ ናቸው። ፋኢዛ ስታፈላልግ ሰንብታ ኮምቦልቻ አንድ አልጋ አገኘች፤ እሱም ለአንድ ወር ብቻ። ከዚያ በኋላ ጎዳና ነው። ወደ ሴቶቹ ክንፍ ወንድ አይዛወርም።

አንድ ቀዳዳ ግን ነበር። ሀጂት ሳሊሃ «እዚህ ተገናኝተው የተጋቡ አንድ ክፍል ይሰጣቸው» ብለው ጽፈዋል። እስካሁን ሦስት ጥንዶች ተጋብተውበታል። ለሁለት የሚበቃው ክፍል ደግሞ በላይኛው ክንፍ ያሉት የእመት ኡሙሰልማ ነው።

ችግሩ፣ ሁለቱ አይስማሙም። ከስድስት ዓመት በፊት በአንድ ሳምንት ከኩታበር መጡ፤ ከዚያ ወዲህ ሲነካከሱ ነው የሚውሉት። ሰው ሁሉ አንቱ የሚላቸውን ሽማግሌ እመት ኡሙሰልማ አንተ ይሏቸዋል። ካፖርታቸውን ሲጥፉላቸው እንኳ እየተሳደቡ ነው።

«እሱን?» አሉ እመት ኡሙሰልማ የጋብቻውን ሐሳብ ሲሰሙ። «ሲያንኮራፋ እኮ ጣሪያ ያነሳል!»

«ከእሷ ጋር ከምታስሪኝ ፍራሼን ተሸክሜ ልጥፋ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ሀፊዝ።

ፋኢዛ ለመነች፤ ተቆጣች። «ለሰው ነፍስ ብላችሁ!» አለች። ሁለቱም ወደ መሬት አዩ። እንዲህ ያለ ጥላቻ አይታ አታውቅም።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሚኒባሱ በር ላይ ቆመ። ጋሽ ሀፊዝ ጓዛቸውን ጭነው አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ከላይ የእመት ኡሙሰልማ ድምፅ መጣ።

«አውርዱት! ይሁን፣ ኒካው ይታሰር!»

ሼህ ሀምዱ ተጠሩ። ምስክሮች ተቀመጡ። ፋኢዛ እፎይ ብላ በታሪኩ ላይ «አራተኛ» ብላ ጻፈች።

ሼሁ እንደ ሥርዓቱ ጠየቁ። «እመት ኡሙሰልማ፣ በአላህ ፊት ይንገሩኝ። ከባል ነፃ ነዎት?»

እመት ኡሙሰልማ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። ሼሁ ደገሙላቸው።

«ወላሂ፣ በአላህ ፊትስ አልዋሽም» አሉ። «ባል አለኝ፤ ይኸው፣ አጠገቤ ቁጭ ብሏል።»