የትርንጎ ጠበቃ

ለትርንጎ ሽማግሌ ተላከ። እሷ ጓዳ ገብታ፣ "ወንድምዬ፣ በሞቴ! ትምህርቴን እንዳያስጥሉኝ አንድ ነገር በል" እያለች አለቀሰች። ለተንኮልማ እሱን ማን ብሎት!

አባታቸው "ገና ልጅ ናት" እያሉ ሲያንገራግሩ ወንድሟ ዘው አለ። "አባቶቼ፣ ይቺን ነው የምትወስዱት? የአንዲት የጥንት ሴት ፈላስፋ መጽሐፍ ስታነብ ነው የምታድረው! ሴትም እንደ ወንድ ትማር፣ እኩል ናት ትላለች። ከክፍሏ አንደኛ ናት። ባሏን በክርክር ነው የምትፈጀው!" አለ፣ በርግገው የሚወጡ መስሎት።

ሽማግሌዎቹ ተያዩና ፈገግ አሉ። "እሰይ! ልጃችን እኮ ሚስቱ የሞተችበት ነው። ሦስቱ ወንዶች ልጆቹ በትምህርት ሰንፈው ተቸግሯል። ቤት ሆና ታስጠናለታለች።"

አባትየው ለስለስ አሉ። "ለትምህርት ከሆነማ በምን አፌ እንቢ እላለሁ? ውሰዷት።"