ጋሽ በዛብህ ከልጃቸው የደበቁት ሻሂ

"አባዬ፣ እግርህ እንዲቆረጥ ነው የምትፈልገው?!"

እናትአለም ብርጭቆውን ከአባቷ እጅ ነጠቀችው...

የናስትሆ ሻሂ ቤት ደንበኛ ሁሉ ዞሮ አየ። ዶሚኖ የሚጫወቱት እንኳ እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ጋሽ በዛብህ እዚሁ ጅጅጋ ሠላሳ ሁለት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማሩ ሰው ናቸው። እዚያ ከተቀመጡት ግማሾቹ ተማሪዎቻቸው ነበሩ።

"ስለ ቆሽት አስተምረህ አስተምረህ... አሁን ተደብቀህ ስኳር ትጠጣለህ? ቤት ስኳሩን የቆለፍኩት ለማን ብዬ ነው? ሻሂ ቤት ትቻለሁ አላልከኝም?"

ጋሽ በዛብህ ብድግ አሉ...

ምርኩዛቸውን አነሱ፣ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት በፋሻ ተጠቅልሏል።

በልጅቷ አትፍረዱባት!

ከሦስት ወር በፊት ሐኪሙ "ስኳራቸው ካልወረደ ቁስሉ አይድንም፤ ጣቱን መቁረጣችን ነው" ብሏታል። ቀጠሮው ደግሞ ሰኞ ነው። እናቷን ቀብራለች፤ የቀሯት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጅጅጋን የሚያውቅ ደግሞ ያውቃል... እዚህ ሻሂ የሚፈላው ከነስኳሩ ነው።

ሻይ ቅጠሉ፣ ሄሉ፣ ቀረፋው፣ የግመል ወተቱ፣ ስኳሩ... ሁሉም አንድ በራድ ውስጥ! "ያለ ስኳር" ብሎ ማዘዝ ብሎ ነገር የለም።

ስለዚህ ጎረቤት "አባትሽን በየቀኑ ናስትሆ ጋ አያቸዋለሁ" ሲላት ደሟ ፈላ። ከቢሮ በቀጥታ ባጃጅ ይዛ መጣች።

አሁን ብርጭቆውን እንደያዘች ወደ ሻሂ ቤቱ ባለቤት ወደ ናስትሆ ዞረች።

"አንቺስ? ለገበያሽ ብለሽ ሰው ትገድያለሽ?"

ናስትሆ አምሳን የተሻገረች ሴት ናት። ምላሷን የባጃጅ ሹፌሮች ሁሉ ይፈሩታል... ያን ቀን ግን አልተቆጣችም።

"እህቴ... ከመድፋትሽ በፊት ቅመሺው።"

"አልቀምስም!"

"ወላሂ ቅመሺው።"

እናትአለም በንዴት አንድ ጊዜ ተጎነጨች።

ሄሉ አለ... ቀረፋው አለ... ወተቱም አለ...

ስኳር የለም! ጭራሽ የለም።

ናስትሆ ከምድጃው ጥግ የተጣደች ትንሽ በራድ አሳየቻት።

"ይቺ የመዓሊን ናት።"

የሰፈሩ ሶማሌ ሁሉ ጋሽ በዛብህን የሚጠራቸው እንዲህ ነው። መምህር ማለት ነው።

"ፋሻውን ያየሁ ቀን ገዛኋት። የእኔንም እናት ከጣቷ ነው የጀመራት... ለእሱ ለብቻው አፈላለታለሁ። ቀረፋና ሄሉን ስለማበዛው አላወቀም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ወተት አልጨምርም፤ ጾማችሁን አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽውም?"

"ብነግረው ያፍራል። ካፈረ አይመጣም። እዚህ ካልመጣ ሌላ ቦታ ሄዶ ስኳሩን ይጠጣል።"

እናትአለም የምትገባበት ጠፋት... እንባዋ መጣ።

"ይቅር በይኝ" አለቻት።

"እኔን ተዪኝ። በሰው ፊት ያዋረድሽው እሱን ነው።"

ቤት ስትደርስ አባቷ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

"አባዬ ይቅር በለኝ... ሻሂው ለካ ስኳር የለውም። ናስትሆ ሳትነግርህ ለብቻህ እያፈላች ነው።"

ጋሽ በዛብህ ፀጉሯን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምን?!"

"እውነቱን ልንገርሽ፣ ሐኪሙ ከከለከለኝ በኋላ ተደብቄ የሄድኩት ስኳሩን ብዬ ነበር። ገና አንዴ ስጎነጨው እንደ ኮሶ መረረኝ! ስኳር የለመደ ምላስ ይታለላል እንዴ?"

"ታዲያ እንደዚያ ስጮህብህ ለምን ዝም አልክ?"

"ብናገር ናስትሆ ትሰማለቻ! ሦስት ወር ሙሉ ስትጠነቀቅልኝ የኖረችውን እንዴት በሰው ፊት ልግለጥባት? ስድቡን መቻል ይሻላል ብዬ ነው።"

በፋሻ የተጠቀለለ ጣታቸውን እያዩ ቀጠሉ...

"አንቺ ስኳሩን ስትቆልፊ በሽተኛ ነኝ፣ ልጄ። እሷ ጋ ስቀመጥ ግን መምህር በዛብህ ነኝ። ለዚህ ስል ምሬቱን ለመድኩት።"

እናትአለም ይዛቸው አለቀሰች።

ሰኞ ሐኪሙ ፋሻውን ፈታ፣ ውጤቱን አየ... ፈገግ አለ።

ስኳራቸው ወርዷል፤ ቁስሉም መድረቅ ጀምሯል። "መድኃኒቱንም ጥንቃቄውንም እንዳያቋርጡ እንጂ ጣትዎ ተርፏል" አላቸው።

እግዚአብሔር ይመስገን ብለው ከሐኪም ቤት የሄዱት በቀጥታ ወደ ናስትሆ ነው፣ አባትና ልጅ ሆነው።

ናስትሆ ለሁለቱም ከትንሿ በራድ ቀዳችላቸው።

ጋሽ በዛብህ ጎንጨት አሉና ፊታቸውን አኮሳተሩ።

"ናስትሆ፣ ዛሬስ ስኳሩን አበዛሽው! ነገ ትንሽ ቀንሺልኝ።"

"እሺ መዓሊን፣ እቀንሳለሁ" አለች ናስትሆ፣ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፍና።

እናትአለም ብርጭቆዋ ላይ አቀረቀረች... መሳቅም ማልቀስም መጥቶባት።

ወገኖቼ... ሁለቱም ሴቶች እኚህን ሰው ይወዷቸዋል። አንዷ ግን ስኳሩን ስትከለክል ክብራቸውንም አብራ ወሰደችባቸው። ሌላዋ ስኳሩን ብቻ ነው ያወጣችው።

ሰውን መንከባከብ ማለት በሽታውን መጠበቅ ብቻ አይደለም፤ ሰውየውንም መጠበቅ ነው።

እኔ ራሴ ይህን ስጽፍ ባለፈው እሑድ እናቴን ስለ ጨው እንዴት እንደተቆጣኋት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። ፖስቱን እንደጨረስኩ እደውልላታለሁ።

እናንተስ? ቤታችሁ ስኳር ወይም ጨው የተከለከለ አባት ወይ እናት አለ? ለመጨረሻ ጊዜ "ተው" ወይም "ተዪ" ያላችኋቸው እንዴት አድርጋችሁ ነበር? ሳትዋሹ ኮሜንት ላይ ንገሩኝ...