ጎመን ለአንድ ሰው

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወይዘሮ ይታክቱና ባለቤታቸው አቶ ባንተይርጉ፣ ለጥቅምት የሚደርስ የጎመን ችግኝ ሊወስዱ ቀበሌ ሄዱ። ማን መቼ እንደሚሞት የሚያውቀው የቀበሌው ችግኝ አዳይ ማሽን፣ ችግኝ እንዳይባክን ተብሎ፣ የሚሰጠው ጎመኑ ሲደርስ በሕይወት ለሚኖር ሰው ብቻ ነው። ዘንድሮ የአንድ ሰው ድርሻ ተፋላቸው።

"የማንኛችን ነው?" አሉ ይታክቱ።

"ስም አይናገርም እማማ፣ የግል ምስጢር ነው" አለች ሠራተኛዋ ፈገግ ብላ። "ቀጣይ!"

ችግኙን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ጓሮ ገብተው ችግኙን መትከል እንደጀመሩ ይታክቱ ድንገት ቀና አሉ።

"ሞኞች ነን እኮ! አንተ ጎመን መቼ ትወዳለህ? ማሽኑ የቆጠረው በላተኛውን ነው።"

ትናንት የጎመኑን ድስት በእንጀራ ጠርገው የበሉት ባንተይርጉ፣ ጭቃ የያዘ እጃቸውን አራገፉ።

"እውነትሽን ነው! ድሮም አይስማማኝም።"

ማታ፣ ጓሮው ውስጥ ቀድሞ ከደረሰው የተቀነጠሰ ጎመን ቅቤ ጠብ ብሎበት ቀረበ። ባንተይርጉ እንጀራቸውን በሚጥሚጣ ብቻ በሉ። አንዴ እጃቸው ወደ ጎመኑ ሲያመራ ይታክቱ ቸብ አደረጉት።

"ተው! አትወድም አልኩህ እኮ!"

ከዚያም ይታክቱ ራሳቸው የሁለቱንም ድርሻ በልተው ጨረሱ።