ዘጠነኛው ደረጃ

ሟቹ ጀምሮት የሄደው ሥራ ዘጠኝ ዜማ ነበር። ስምንቱ አሉ። ዘጠነኛው የለም።

ዜማዎቹ በልጅነቱ ይጫወተው ከነበረ አንድ የቪዲዮ ጌም የመጡ ናቸው። ጌሙ ዘጠኝ ደረጃ አለው፤ እያንዳንዱም ደረጃ የራሱ ዜማ። ያኔ የሰፈሩ ልጆች በተራ ስለሚጫወቱ፣ ገና ስምንተኛው ላይ ሳለ ተራው ያልቅበታል። የመጨረሻው ዜማ ምን እንደሚመስል ሳያውቅ አደገ፣ አገባ፣ ሸበተ።

ሕመም ከሥራ ሲያስቀረው ያንኑ አሮጌ ማሽን ከነካሴቱ አፈላልጎ አገኘና ሳሎን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። እየተጫወተ የየደረጃውን ዜማ ይቀዳል፤ ቅጂውን ለሦስት ሙዚቀኛ ጓደኞቹ ይሰጣል። ያ የቆርቆሮ ጩኸት የሚመስል ድምፅ በቫዮሊን፣ በቤዝ ጊታርና በድራም ተቀናብሮ ሲመጣ ሆድ ያባባል።

ማሽኑ የተደረሰበትን አይመዘግብም፤ ከጠፋ ጨዋታው ከአንደኛው ደረጃ ይጀምራል። "ቁርጥ አጎቴን" ይል ነበር ባልየው። "ተኝቶ በተነሳ ቁጥር ሁሉን ከሀ ጀምረህ ታስረዳዋለህ።"

ከሦስቱ ሙዚቀኞች ቫዮሊን ተጫዋቹ አብሮ አደጉ ነው። በልጅነታቸው አጠገቡ ተቀምጦ ያይ ነበር እንጂ እሱ ራሱ ከሦስተኛው ደረጃ አልፎ አያውቅም።

የሟቹ ሚስት ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት፣ ሶኬት ላይ የተረሳ ካውያ የስፌት ቤቱን ግማሽ በልቶታል። ከዚያ ወዲህ የተሰካውን ሁሉ ሳትነቅል ከቤት ወጥታ አታውቅም። ባልየው "እጅሽ ቢደርስ ፀሐይንም ትነቅያት ነበር" እያለ ያበሽቃታል። እሷም "ስታቃጥልህ ትጠራኛለህ" ትለዋለች።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስትመለስ፣ በጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ወንበሩ ላይ እንዳለ ራሱን ስቶ አገኘችው። ለቫዮሊን ተጫዋቹ ደወለች። እየበረረ መጥቶ በጀርባው አዝሎ ደረጃውን አወረደው። እሷ ካውያውን፣ ምድጃውን፣ በየግድግዳው ያለውን ሁሉ በጥድፊያ ነቃቅላ፣ በሩን ቆልፋ ተከተለቻቸው። ባልየው በሦስተኛው ቀን፣ አንድ ቃል ሳይናገር ሞተ።

ከቀብር መልስ ለቀስተኛው ውጭ ተቀምጦ ሳለ ቫዮሊን ተጫዋቹ ሳሎን ገባ። ዘጠነኛው ተቀድቶ እንደሆነ ልይ ብሎ ነበር። ቆየ። ሄዳ በሩን ብትከፍት፣ ከመደርደሪያው ኋላ ተንበርክኮ አንድ ነገር ኮቱ ኪስ ሲከት አየችው። ፊቱ አመድ መስሏል።

"አገኘኸው?" አለችው።

"ዘጠነኛ የለም፣ እህቴ። አልደረሰበትም።"

ከሳምንት በኋላ መጥቶ ማሽኑን ለጥቂት ጊዜ እንድታውሰው ለመናት። ሰጠችው።

የሰጠችው ሰሞን ነው ድራም መቺው የነገራት። ያን ማክሰኞ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ባልየው ስልክ ደውሎለት ነበር። ስምንተኛውን አለፍኩት ብሎ እንደ ልጅ ሲስቅ ሰምቶታል።

"ታዲያ ይሄ ሰውዬ አልደረሰበትም የሚልሽ ምን ቆርጦት ነው?" አላት። "ቅጂውን ይዟል። ማሽኑንም ወስዷል። ነገ ዘጠነኛውን በራሱ ስም ስትሰሚው እንዳይደንቅሽ።"

ነገሩ ውስጧ ገብቶ ተቀመጠ። ጌሙን የሚያውቅ ሌላ ሰው ፈልጋለች፤ የለም። ኢንተርኔት ላይ ስሙ እንኳ አልተገኘም። ዜማው ያለው አንድ ሰው ኪስ ውስጥ ብቻ ነው። እሷ የምትፈልገው አንድ ነገር ማወቅ ነበር፦ ዕድሜውን ሙሉ የጠበቀውን ሰምቶት ሞተ ወይስ ሳይሰማው?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቫዮሊን ተጫዋቹን አንቱ አለችው።

"ምነው እህቴ፣ መቼ ሸመገልኩብሽ?"

"የማላውቀውን ሰው አንተ አልልም።"

ቫዮሊኑን ከሳጥኑ አውጥቶ ክሩን መቃኘት ጀመረ።

ልምምዱ ቀጠለ። ግድግዳው በአሮጌ ምንጣፍ በተሸፈነ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስቱ ይጫወታሉ፤ እሷ የድምፅ ማጉያው ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። ስምንተኛው ሲያልቅ ቤዝ ጊታር ተጫዋቹ አንገቱን ደፍቶ የገመዱን ጫፍ ይጠቀልላል። ቫዮሊን ተጫዋቹ ከስቷል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ማርፈድ አምጥቷል። ሁለቱም አውራ ጣቶቹ በፋሻ ተጠምጥመዋል።

"ቫዮሊን በአውራ ጣት ሆነ እንዴ?" አለው ድራም መቺው።

አውራ ጣቶቹን መዳፉ ውስጥ ደበቀ።

በአምስተኛው ወር ትዕግሥቷ አለቀ። ሰው ፊት አላፈረችም።

"ባሌ የደረሰበትን አንዴ ብቻ ያሰሙኝ" አለችው። "ከዚያ በኋላ ስምዎን ይጻፉበት። አልከስዎትም።"

"ጊዜ ስጪኝ።"

"ለምኑ?"

"ብቻ ጊዜ ስጪኝ፣ እህቴ።" ፋሻውን ልቀይር ብሎ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ የቫዮሊኑን ሳጥን ከፈተችው። ክሩ በሚወለወልበት ጨርቅ ሥር አንድ ወረቀት አራት ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። የባሏን እጅ ጽሑፍ ገና ሳትዘረጋው አወቀችው።

"አላልኩሽም?" አለ ድራም መቺው።

ዘረጋችው። ኖታ የለበትም።

"ዓለሜ፣ ዘጠነኛው በር ላይ ደርሻለሁ፤ ከአንቺ ጋር ልሰማው ብዬ ሳልገባ ፖዝ አድርጌዋለሁ፤ ቴሌቪዥኑን አጥፍቼ ትንሽ ላሸልብ ነው፤ ማሽኑ ግን እንደበራ ነውና አደራሽን፣ ለዛሬ ብቻ፣ ይህችን አንዲት ሶኬት አትንቀያት።"